ለለቅሶ የተዋስነው ጠብመንጃ

ጠብመንጃ የምወድ ሴት ነኝ። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ወርቅ የሚወዱ አሉ፣ ሐሜት የሚወዱ አሉ፣ እኔ ደግሞ ጠብመንጃ እወዳለሁ። ሰው ለመግደል አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ሆኜ የተተኮሰበትን ሰው ቁስል ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ ጥይት ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ፎካሪ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ግን አንድ የቆየ፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የወዛ መሣሪያ የሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳይ ዛሬም እጄን ይበላኛል። ቁጭ ብዬ መጫወት ያቅተኛል። ተነሥቼ ካልዳሰስኩት አይሆንልኝም።

ይሄን አመል ያወረሰኝ አባቴ ነው። አገራችን ወገራ ነው፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ደጋ። አባቴ መንጋጋ የምንላት ጠብመንጃ ነበረችው። የፋብሪካ ስሟን እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም ነበር። መንጋጋ ያልናት ከቃታዋ ሥር እንደ አገጭ የተንጠለጠለ ብረት ስላላት ነው። ብረቱን ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት አፏን ትከፍትና ያለቀውን ቀለህ ትተፋለች፤ ሽቅብ ሲመልሱት አዲሱን ጎርሳ ትዘጋለች። ቀጭ፣ ቋ! ሌላው የአገራችን ሰው የሚይዘው ውጅግራና ምንሽር በጎኑ ባለው እጀታ ስለሚጎተት፣ የአባቴ ጠብመንጃ ገበያ ስትወጣ ልጅ አዋቂው ዞር ብሎ ያያት ነበር። ጎንና ጎኗ ናስ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ናሱን በሎሚና በአመድ ይወለውለዋል። አንገቷ ላይ እንጨቱ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆበት በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠቅልሎ አድርቆታል፤ ያ ጠፍር ከእንጨቱ ጋር ተዋህዶ ጠቁሮ ነበር።

ጥይቷ ከአገር ከጠፋ ዘመን ቆጥሯል። እኔ ስትተኮስ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ምኗ ነው የሚወደደው? እሱን ነው እኔም ስጠይቅ የኖርኩት። ሽምግልና ላይ አባቴ ጉልበቱ ላይ አጋድሟት ሲናገር ሰው አያቋርጠውም። ሠርግ ላይ ነፍጥ ያልያዘ ወንድ ከኋላ ነው የሚሰለፍ። ይሄ ሁሉ አለ። የእኔ አባት ግን መንጋጋን የሚፈልጋት ለሌላ ጉዳይም ነው። ሲናደድ፣ ሲጨነቅ፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ነገር ሲበዛበት፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶዋን ይከፍታታል፣ ይዘጋታል። ቀጭ፣ ቋ። ቀጭ፣ ቋ። ሌላው ሰው መቁጠሪያ ይቆጥራል፣ የእኔ አባት መንጋጋ ይቆጥራል። እናቴ ከውስጥ ሆና "ኧረ ጆሮዬን ተወኝ! ምነው ዛሬስ ምን አገኘህ?" ትላለች። እሱ ይስቅና አንድ ጊዜ ደግሞ ይዘጋታል።

ከእኔ በቀር ልጅ አልነበረውም። ወንድ አልወለደም ብለው የሚያሙት ነበሩ። አንድ ቀን እሱ ገበያ ሲወርድ ጠብቄ መንጋጋን ከተሰቀለችበት አወረድኩና እንደሱ ልከፍት ስሞክር ጣቴን ቀረጠፈችኝ። ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ስትሮጥ መጣች። ማታ ሲነገረው አባቴ እጄን ይዞ አገላብጦ አየና፣ "ገና ስትተዋወቁ ነው፤ ደግሞ ጣትሽን ከውስጥ አውጪ እንጂ፣ ምን ያለሽ ጅል ነሽ!" ብሎ እንዴት እንደምትያዝ አሳየኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ አብረን ነበር የምንወለውላት። ከእጄ ላይ ያ የሎሚ ሽታ ሳይጠፋ ነው ትምህርት ቤት የምገባው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር ሆስፒታል ገብቼ ነበር፣ ቀሐ ወንዙ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አባቴ የአባቱ ርስት ስለነበረው ፊውዳል ነህ ተባለ። ፊውዳል! ሁለት ጥማድ በሬና አንዲት በቅሎ ነበረችው። መሬቱን ሲወስዱበት ዝም አለ። መንጋጋን "ለሕዝብ አስረክብ" ሲሉት ግን ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ አለችኝ እናቴ። ወስዶ አስረከበ፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ወዲያ እጁ ሥራ ፈታ። ዓመት በዓል ልጠይቃቸው ስሄድ የበሩን መቀርቀሪያ ሲከፍት ሲዘጋ አገኘዋለሁ። "ምነው አባዬ?" ስለው "ዝጓል" ይለኛል። አልዛገም። ወደ ጓሮ ወጥቼ እመለሳለሁ።

በፍልሰታ ጾም ሞተ። ክረምቱ ከባድ ነበር፣ ወንዞቹ ሞልተው ዘመድ ሊደርስ አልቻለም። እኔ እንኳ የደረስኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀብሩ በጎረቤት ሆነና ዋናው ለቅሶ ወንዙ ሲጎድል፣ ከመስቀል በኋላ ተቀጠረ። በእኛ አገር እንደሱ ላለ ሰው ለቅሶ ማለት ቁጭ ብሎ ማንባት አይደለም። ሜዳ ላይ ይወጣል። የሟች ልብሱ፣ በቅሎው፣ ጠብመንጃው ይወጣል። የቅርብ ዘመድ የሆነ ወንድ ጠብመንጃውን ይዞ ሜዳውን እየዞረ ይፎክራል፣ አልቃሽ ትገጥማለች፣ ሕዝቡ ያንን እያየ ያለቅሳል። ጠብመንጃው ሲወጣ ነው ሰውየው ሞቷል ማለት።

እናቴ ገና በለጋው ሐዘን፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ወገቧን አስራ፣ ያለችኝ አንድ ነገር ነው።

"አባትሽ ያለ ነፍጡ አይለቀስም። እንደ ለማኝ አይለቀስም። አንቺ ከተማ ነው ያለሽው፣ ፊደል ቆጥረሻል፣ ከነሱ ጋር ትነጋገሪያለሽ። ለአንድ ቀን ይስጡሽ። አንድ ቀን! ከዚያ ይውሰዱት፣ ይጋገሩት።"

"እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የወሰዱትን አይመልሱም።"

"ሂጂ አልኩሽ" አለች።

ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መስቀል እግሬ አላረፈም። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ አውራጃ። "ጓድ የሉም።" "ጓድ ስብሰባ ናቸው።" "ነገ ነይ።" "የገበሬ ማኅበርሽ ደብዳቤ ይጻፍ።" ይጻፋል። "ማኅተሙ አይታይም።" ደግሞ ይመታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ሌሊት ተኝቼ እንኳ እግሬ ይራመዳል። በመጨረሻ ከየወረዳው የተሰበሰበው መሣሪያ ያለበት መጋዘን ኃላፊ ዘንድ ደረስኩ፤ ኮሌታው እስከ ጉሮሮው የተቆለፈ ካኪ ለባሽ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው የማያነሣ ሰው።

"ለቅሶ የፊውዳል ሥርዓት ቅሪት ነው" አለኝ።

"የሚያለቅሰው ጭቁኑ ገበሬ ነው ጓድ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሊያስረኝ ይችል ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ያን ጊዜ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ ይቀድም ነበር። "ነገ ነይ" ብሎ መልሶ አቀረቀረ።

ነገ ነይ ካለኝማ እመጣለሁ። በየማለዳው ሥራ ሳልገባ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ተረኛ ስለሆንኩ ነጩን ጋውኔን ለብሼ፣ ቆቤን አድርጌ ነው የምቆመው፤ የምቀይርበት ጊዜ የለኝም። እዚያው እንደ ምሰሶ ተተክዬ፣ ሲገባ "እንዴት አደሩ ጓድ" እለዋለሁ፣ በጎን አልፎኝ ይገባል። ይሄ ሲደጋገም፣ አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሳቋን አፍና መጥታ "አንቺ! ሰውዬው ምን አሞት ነው የምትመላለሽው?" አለችኝ። ለካ ከተማው አውርቶ ጨርሷል! ነርስ በየጠዋቱ ደጁ የምትቆመው መርፌ ልትወጋው ነው ተብሎ፣ ግማሹ ሳንባ ነው ይላል፣ ግማሹ ስሙን የማልጠራውን በሽታ ይላል። ፒያሳ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ወንበሩን ፈቀቅ ማድረግ ጀምሯል። ጉድ በል ጎንደር! እውነቱን ልናገር፣ ይሄን ከሰማሁ በኋላ ጭራሽ የመድኃኒት ሣጥን ይዤ መቆም ጀመርኩ። ሣጥኑ ባዶ ነው።

በመስቀል ማግስት ራሱ ወጥቶ ጠራኝ። ጆሮው ቀልቷል።

"ጠብመንጃው ይተኩሳል?"

"ጥይቱ የትም አይገኝም ጓድ።"

"ለአንድ ቀን። ከጥበቃ ጋር። ከዚያ በኋላ እዚህ ደጅ ላይ ባይሽ!" ብሎ ጣቱን ነቀነቀብኝ።

መጋዘኑን ከፈቱልኝ። እግዜር አያሳያችሁ። የስንቱ አባወራ መሣሪያ እንደ ማገዶ ተከምሯል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ሰደፉ የተሰበረው፣ አፈሙዙ የዛገው፣ ማንገቻው በአይጥ የተበላው። እያንዳንዱ የሰው ነበር፣ ሰው ወልውሎታል፣ ሰው ተሸክሞት ሠርግ ሄዷል። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው "ምን ዓይነት ነው ያልሽው?" አለ። መንጋጋ ያላት፣ ጎኗ ናስ የሆነ አልኩት። ገብቶ ሲያንኳኳ ሲያንኳኳ ቆይቶ አንዷን ይዞ ብቅ አለ። መንጋጋ አላት። ጎኗም ናስ ነው፣ ጠቁሯል እንጂ። ተቀብዬ ወደ ብርሃን አወጣኋት። አንገቷ ላይ ጠፍር የለም። ሰደፏ ላይ አንድ ጠገራ ብር ተለብጧል። የአባቴ አይደለችም።

"ይቺ አይደለችም" አልኩ።

ኃላፊው ከኋላዬ ቆሟል። "መንጋጋ አላልሽም? ይኸውልሽ መንጋጋ! ሌላ የለም። ትወስጃለሽ ወይስ አትወስጅም?"

እዚያው ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ፣ ማሰብ ደግሞ ቆሞ አይሆንልኝም። እናቴ ሕዝብ ጠርታለች። ጠላው ተጠንስሷል። ባዶ እጄን ብሄድ አባቴ እንደ ለማኝ ይለቀሳል። ከሩቅ ማን ይለያል አልኩ። ሜዳ ላይ እየተዞረ፣ በዕንባ ዓይን፣ ማን ጠፍር ይፈልጋል? ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ግን ዶማም ቢሆን ዶማ ነው። "እወስዳለሁ" አልኩ።

ከጠብመንጃዋ ጋር የተላከው ጥበቃ ጠና ያለ ሰው ነበር፤ አያቶቹ ጎንደር ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ የእስላም ቤተሰብ ልጅ፣ ራሱ ልብስ ሰፊ። ቀበሌው ነው በግድ አብዮት ጥበቃ ያደረገው። ቀይ ጨርቁን ክንዱ ላይ ያሰረው ልክ እንደ ቁስል ፋሻ ነው። ማኪናው አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፍ ብርዱ ገባ፣ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ እንደ ተጣደ ድስት እንቀጠቀጣለሁ። መጨረሻ ላይ ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ይቺ የአባቴ አይደለችም። ይሄን ብር ሰው እንዳያይብኝ እፈራለሁ።"

ጠገራ ብሩን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለና ከኪሱ መርፌና ክር አወጣ። ከእኔ ጥቁር ነጠላ ጫፉን ቀደድንለትና ማኪናው እያንገጫገጨን ሰደፉን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሰፋልኝ። የሐዘን ነውና ጥቁር ቢለብስ ማን ይጠይቃል። አሰፋፉ ደግሞ ሸጋ ነው፣ ልክ እንደ ጓንት።

ቤት ስንደርስ ሰው ከሜዳ እስከ ደጅ ሞልቷል። እናቴ መጥታ ጠብመንጃዋን ከእጄ ተቀበለች። እጇን የጠብመንጃዋ አንገት ላይ አሳረፈች፤ ጠፍሩ በሚሆንበት ቦታ። ከዚያ ለአጎቴ፣ ለአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሰጠችው። አጎቴ ገና ሲይዛት ዓይኑን አፈጠጠብኝና በሹክሹክታ "የሰው ነፍጥ!" አለኝ። "አያ፣ በናትህ፣ ዝም ብለህ ዙር" አልኩት። ዘመድ ሁሉ እያየው ነው፤ ምን ይበል። ይዟት ወደ ሜዳው ወጣ።

መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት ሆነልኝ። የአባቴ በርኖስ ወጣ፣ በቅሎው ወጣች፣ አጎቴ ጠብመንጃዋን ከፍ አድርጎ ሲፎክር ሜዳው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ደረቴን ደቃሁ። ተሳካልኝ አልኩ፤ አባዬ፣ ይኸው ነፍጥህ ወጣ አልኩ፣ ውሸት እንደሆነ እያወቅሁ አልኩት። አጎቴ በሴቶቹ በኩል ሲዞር ግን አንዲት ሴት ተነሥታ መንገዱን ዘጋችው።

አውቃታለሁ። ከማዶ ካለው ደብር ናት። በአካባቢያችን የትም ለቅሶ ቢኖር የማትቀር፣ ከሟች ቤተሰብ አብልጣ የምታለቅስ ሴት ነበረች፤ ሰው "ዕንባዋ ቅርብ ነው" እያለ ይቀልድባት ነበር። እጇን ሰድዳ ማንገቻውን ያዘች። ማንገቻው ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ነገር አለ፤ እኔ ብሩን ሳስሸፍን እሱን ልብ ብዬም አላየሁት።

"ይሄን እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለች። ጮክ ብላ አይደለም። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጥቁሩን ጨርቅ ስፌት በጥርሷ በጠሰችው። ጠገራ ብሩ ብቅ አለ።

ሁሉም ያውቃል። ወገራ ላይ ሰው የሰውን ፊት ቢረሳ መሣሪያውን አይረሳም፤ እኔ የከተማ ሰው ሆኜ ነው ይሄን የዘነጋሁት። ከሩቅ ማን ይለያል ብዬ! ሁሉም ከመጀመሪያው ለይቶታል፣ እኛን አፍሮ ነው ዝም ያለው። ጠብመንጃዋ የሴትዮዋ ባል ንብረት ነበረች። ባሏን ፀረ አብዮት ብለው ከቤቱ ወሰዱት፤ እንደተገደለ ተነገራት፣ ሬሳውን አልሰጧትም። ያን ጊዜ ፀረ አብዮት ተብሎ ለተገደለ አይለቀስም ነበር። ጥቁር የለበሰች ትጠየቃለች፣ ድንኳን የጣለ ይታሰራል። ስለዚህ ሴትዮዋ ነጠላዋን አንጽታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ኖረች። በሰው ለቅሶ የራሷን እያለቀሰች።

እኔ ምን ተሰማኝ? ልዋሽ አልፈልግም፣ ተናደድኩ። ይሄ የአባቴ ለቅሶ ነው! ለዚህ ስንት ደጅ ጠናሁ፣ ስንት ፊት አየሁ። እዚህ ሜዳ ላይ የማን ሐዘን ነው የሚቀድመው? ደግሞ ጥበቃው እዚያ ቆሟል፤ ለፀረ አብዮት ተለቀሰ ቢል አጎቴን፣ እናቴን፣ ሁላችንንም ነው የሚለቅሙን። ወደ ሴትዮዋ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። "እትዬ፣ ይቅር፣ ሰው ይሰማል" አልኳት። ማንገቻውን አልለቀቀችም።

እናቴ መጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ያለ ነፍጡ አይለቀስም ብላ እኔን አገር ያዞረችኝ እናቴ፣ ጠብመንጃዋን ከአጎቴ እጅ ወሰደችና የሴትዮዋ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት።

"ልቀሺ" አለቻት። "የእኔው ተቀብሯል። መቃብሩን አውቀዋለሁ፣ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። አንቺ ልቀሺ።"

ሴትዮዋ ጠብመንጃዋን እንደ ሕፃን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ የወጣው ድምፅ... እኔ ሆስፒታል ስንት ጩኸት ሰምቻለሁ፣ ያንን ግን ሰምቼ አላውቅም። አልቃሿ ብልህ ነበረች። ሥራዋ ነውና ዝም ብላ መቆም የለባትም፣ ስም መጥራት ደግሞ አትችልም። ዜማውን አነሣች፤

ነፍጡስ ተመለሰ ወጥቶ ከጓዳ፣
ጌታው ወዴት ቀረ፣ በየትኛው ሜዳ?

አባቴ ሜዳ አልቀረም፤ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው የተቀበረ። ሁሉም ገባው። ስንቱ ቤት ሬሳው ያልመጣለት እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ከወንዶቹ መሃል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የተንሰቀሰቁ ነበሩ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ጠብመንጃዋ መጡ። ወንድሟን ያጣች፣ ልጇን ያጣች። ማንም ስም አልጠራም።

እኔ ጥበቃውን ፍለጋ ዞርኩ። አጥሩ ሥር አቀርቅሮ ቆሟል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ስደርስ ቀና አለ።

"ወንድሜ፣ እባክህ፣ የሰማኸውን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ምን ሰማሁ?" አለኝ። "እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግጥም አይገባኝም።"

በማግስቱ ጠዋት ልንሄድ ነው። ጠብመንጃዋ ዛሬ ካልተመለሰች ጥበቃውም እኔም ጉዳችን ይፈላል። ሴትዮዋ እኛው ቤት አድራ ነበር። እንዴት ነው ከእጇ የምነጥቃት እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ተገላብጫለሁ፤ እሷ ግን ራሷ ይዛ ወጣችና ማንገቻውን ብቻ ፈትታ አስቀርታ ጠብመንጃዋን ለጥበቃው ሰጠችው። "ይበቃኛል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሻሿን ፈታች። ጸጉሯ ሹሩባ ነው፣ ሸጋ ተደርጎ የተሠራ።

"ምላጭ አለሽ አሉኝ፣ የሐኪም ቤት" አለች። "ላጪኝ።"

እውነት ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አወጣሁት፤ ለመጀመር ግን ፈራሁ። ለባሏ ጸጉሯን ተላጭታ ወደ መንደሯ ከተመለሰች ነገ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ለማን ነው?" ይላታል። ምን ብላ ትመልሳለች? ጥበቃው ከውጭ "እህቴ፣ ማኪናው ያመልጠናል!" ይለኛል። እኔ ምላጩን ይዤ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሴትዮዋ እላለሁ።

የእናቴ ጸጉር ያን ጊዜ ከክረምቱ ወዲህ በጣት የሚያዝ ሆኖ አድጎ ነበር። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ከሴትዮዋ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"ሁለታችንንም ላጪን" አለችኝ። "ሲጠይቋት፣ ከእኔ ጋር ለባሌ ነው የተላጨችው ትላለች። ከእኔ ጀምሪ፣ ምን ትገተሪያለሽ?"

ከእናቴ ጀመርኩ።